«ዌይት» ብቻውን አይቆምም፦ ከእንግሊዝኛ ባዶ ቦታ ጋር ያሳለፍኳቸው ዓመታት

በ2004 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስወስድ እንግሊዝኛ ከ100 38 አመጣሁ። ሒሳብና ባዮሎጂ ደህና ነበሩ። ወደ ታች የጎተተኝ እንግሊዝኛ ነው። ያበሳጨኝ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ ያጠናሁት እሱን መሆኑ ነው። መብራት ሲጠፋ በሻማ ሳይቀር ሰዋስው ሳጠና አመሽ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እናቴ ፊት መቆም አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀረሁ።

ዛሬ እንግሊዝኛ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ቀኑን ሙሉ እናገረዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ተማሪዎችን አስጠናበታለሁ። በመሃል ያለፈውን የምጽፍላችሁ የእኔን ያህል ዓመት እንዳታባክኑ ብዬ ነው። በተለይ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ልባችሁ ለሚመታ፣ ደግሞም ደንቡን ሁሉ እያወቃችሁ ፈረንጅ ፊታችሁ ሲቆም ቃል ለሚጠፋባችሁ።

እንግሊዝኛውን ሁሉ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። 9ኛ ክፍል ስንገባ ታሪኩም ጂኦግራፊውም ሲቪኩም እንግሊዝኛ ሆነ። መምህራኑ የሚሉትን ግማሹን በግምት ነበር የምከታተለው። መፍትሔ ብዬ የያዝኩት ሰዋስውን መሸምደድ ሆነ። 12ቱን ተንሶች ካርቶን ላይ ጽፌ አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኳቸው። «ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒውየስ» ብትሉኝ ቀመሩን እንደ ዳዊት እደግምላችኋለሁ። መቼ እንደሚባል ግን አላውቅም።

ቀመር ለማይሠራበት ጥያቄ ሌላ ዘዴ ነበረኝ። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፣ ባዶ ቦታውን በአማርኛ እሞላዋለሁ፣ ከዚያ ያንን ቃል መልሼ እንግሊዝኛ አደርገዋለሁ። አንድ የክፍል ፈተና ላይ የመጣውን እስካሁን አልረሳውም። «ሺ ኢዝ ሜሪድ ____ ኤ ዶክተር።» ከሐኪም ጋር ተጋብታለች። «ጋር» ደግሞ «ዊዝ» ነው። «ዊዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ በቀይ ተሰረዘብኝ። መልሱ «ቱ» ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ መምህሩ «እንደዚያ ነው የሚባለው» አሉኝ። ያኔ መልስ የነፈጉኝ መስሎኝ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ መልስ የለም። እንደዚያ ነው የሚባለው። እኔ ግን ለምን እንደሚባል ሳሳድድ፣ ምን ከምን ጋር እንደሚባል ጆሮ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ያ የመመለስ ልማድ ብዙ አስከፍሎኛል። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ወጣን» ብንል ማንም አይነቅፈንም። በእንግሊዝኛ ግን «አልዞው» ብለን ከጀመርን «በት» አይገባም፤ አንዱ ይበቃል። እንደዚህ ዓይነቱን ጥያቄ ሁሌ «በት» እያስገባሁ ነበር የምስተው።

ዩኒቨርሲቲ ሲቀር ቴክኒክና ሙያ ገባሁ። የሆቴል ሙያ ተማርኩ፣ ሲ ኦ ሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አለፍኩ፣ በ2007 ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ተቀጠርኩ። ለቃለ መጠይቁ የሚጠየቀውን ሁሉ አስቀድሜ በቃሌ ይዤው ስለነበር እንግሊዝኛዬ ጥሩ መሰለ። እንግዳ ግን በቃላችሁ የያዛችሁትን አይጠይቃችሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ አንድ ሸምገል ያሉ እንግዳ ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጡና «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሊቭ ማይ ባግ ሂር?» አሉኝ። «ሻንጣ» እና «እዚህ» የሚሉትን ሰማሁ። እዚህ ማስቀመጥ ፈልገዋል፣ ምን ችግር አለው? ፈገግ ብዬ «የስ፣ የስ!» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። «ኦው፣ ሶሪ» አሉና ሻንጣቸውን ይዘው ሎቢው ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ሻንጣውን እግራቸው ሥር አድርገው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። እኔ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋቸው።

በሆቴሉ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሻንጣ የሚያደርሱ ሰው ነበሩ። የተማሩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ሆቴል ቤት ግን ከ30 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሰውዬው ሻንጣቸውን ለምን መልሰው ያዙት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እሺ ብያቸው ነበር እኮ።»

«ምን ብለው ጠየቁሽ?»

የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«'ዱ ዩ ማይንድ' ማለት ቅር ይልሻል ወይ ማለት ነው። አንቺ ምን አልሽ? አዎ፣ ቅር ይለኛል አልሻቸው!»

ወደ እንግዳው ሄደው «ኖት አት ኦል ሰር፣ ኖት አት ኦል» እያሉ ሻንጣውን ተቀብለው አመጡት። ሰውዬው ፊታቸው ፈታ አለ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ማይንድ» የምትል ቃል በጥያቄ ውስጥ ስሰማ አፌ ከመከፈቱ በፊት ቆም እላለሁ። እናንተም ቆም በሉ። ፈቃደኛ ከሆናችሁ መልሱ «ኖ»፣ «ኖት አት ኦል» ወይም «ሹር፣ ጎ አሄድ» ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው መጣ። አንዲት እንግዳ ስለ ልብሷ ጠየቀችኝ፤ «ሃዝንት ማይ ላውንድሪ ካም የት?» ልብሴ ገና አልመጣም? እኛ እንዲህ ስንጠየቅ «አዎ፣ አልመጣም» ነው የምንለው። ስለዚህ «የስ» አልኳት። መጥቷል ያልኳት መስሏት 5ኛ ፎቅ ክፍሏ ድረስ ወጥታ፣ አጥታው፣ ተናዳ ወረደች። በእንግሊዝኛ ካልመጣ አልመጣም ነው፤ ጥያቄው በምንም መንገድ ይጠየቅ «ኖ» ነው የሚባለው። የጠየቃችሁን ሰው ሐሳብ አታጽድቁ፤ ነገሩ ከሌለ «ኖ» በሉ፣ ካለ «የስ» በሉ። ይህን ማወቄ ብቻ የሥራዬን ግማሽ ጭቅጭቅ አስቀርቶልኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሦስተኛው ነው። አለቃዬ ጠርታኝ እንግዶች ሪሴፕሽኗ ታመናጭቃለች እያሉ አስተያየት እንደጻፉ ነገረችኝ። አለቀስኩ። እኔ ማንንም አላመናጨቅኩም። «ጊቭ ሚ ዮር ፓስፖርት» ስል በልቤ «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» እያልኩ ነበር። አማርኛችን አክብሮቱን ግሡ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» ምን ያህል እንደሚራራቁ ሁላችን እናውቃለን። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። ስተረጉመው አክብሮቱ መንገድ ላይ ቀረና ለእንግዳው የደረሰው «ፓስፖርትህን አምጣ» የሚለው ትዕዛዝ ሆነ። እነሱ አክብሮቱን የሚያስቀምጡት ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ነው፤ «ሜይ አይ ሃቭ ዮር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?»፣ «ኩድ ዩ ሳይን ሂር፣ ፕሊዝ?» እነዚህን ሁለት አነጋገሮች ከያዛችሁ ባንክም፣ ቢሮም፣ ኤርፖርትም ትሄዱባቸዋላችሁ። «አይ ዎንት» የሚለውንም በተቻለ መጠን «አይድ ላይክ» በሉት። እውነቴን ነው፣ ሰው ፊት ላይ ለውጡን ታያላችሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ጋሼን አስተምሩኝ ብዬ የለመንኳቸው። ከደረት ኪሳቸው አንዲት ጠርዟ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። ስከፍታት ሁሉም እንግሊዝኛ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው መስመር «ዌይት ፎር ሚ — ጠብቀኝ» ይላል። ከሥሩ «ሊስን ቱ ሚ — ስማኝ»። ቀጥሎ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ — አስረዳኝ»። አንድም ብቻውን የቆመ ቃል የለም።

«ለምን 'ዌይት' ብለው ብቻ አልጻፉትም ጋሼ?» አልኳቸው።

«ብቻውን ሲመጣ ሰምቼው አላውቅማ። እንግዳ ከነቤተሰቡ ነው የሚመጣው፤ እኔም ከነቤተሰቡ መዘገብኩት።»

ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአማርኛ «ጠብቀኝ»፣ «ስማኝ»፣ «አስረዳኝ» ስንል «እኔን» የሚለው ግሡ ውስጥ ገብቷል፤ «ለ» የሚባል ነገር የለም። ለዚያ ነው ብዙዎቻችን «ዌይት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ኤክስፕሌይን ሚ» የምንለው። ባዶ ቦታው ሲመጣ ደግሞ አማርኛው ውስጥ የሚሞላ ነገር ስለሌለ ግራ ይገባናል። «ኮል ሚ»፣ «ሄልፕ ሚ»፣ «ቴል ሚ» ግን ምንም አይጨምሩም። የትኛው «ፎር» እንደሚፈልግ፣ የትኛው «ቱ»፣ የትኛው ምንም እንደማይፈልግ የሚነግራችሁ አንድ ደንብ አትፈልጉ። ግሡን ስትይዙ አብሮት የሚሄደውን ይዛችሁ ያዙ። «ዌይት» መጠበቅ ብላችሁ አትጻፉ፤ «ዌይት ፎር ሚ» ጠብቀኝ ብላችሁ ጻፉ። «ሜሪድ» ሳይሆን «ሜሪድ ቱ»። «ጉድ» ሳይሆን «ጉድ አት»። «ዲስከስ» ደግሞ «ስለ» አይፈልግም፤ «ዲስከስ ዘ ፕሮብለም» ብቻ ነው።

በማግስቱ የራሴን ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት አለ፤ ልንገራችሁ። ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ የምሳሳተውን፣ በቀኝ ትክክሉን መጻፍ ጀመርኩ። ከወር በኋላ ሥራ ላይ ከአፌ የሚወጣው የግራው ሆነ! ደጋግሜ ያነበብኩት እሱንም ነዋ። ግራውን ሁሉ በብዕር ደመሰስኩት። ከዚያ ወዲህ ትክክለኛውን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ተማሪዎቼንም ስህተታቸውን አላስጽፋቸውም።

ከዚያ የመጣልኝ ሐሳብ ነው የለወጠኝ። ቀን ከእንግዳ አፍ የሰማሁትን 5 ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ማታ ቤት ስገባ በሌላ ገጽ ላይ ትንሿን ቃል አውጥቼ እገለብጣቸዋለሁ። «አይም ሉኪንግ ____ ማይ ኪ።» ጠዋት ታክሲ ውስጥ እሞላቸዋለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። ያ በትምህርት ቤት ያስፈራኝ የነበረው ባዶ ቦታ በእጄ ገባ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? አሁን ዓረፍተ ነገሩን ማን እንዳለው፣ የት ቆሞ እንዳለው፣ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ፊቱ ሁሉ ትዝ ይለኛል። «ፎር» የሚለው ከዚያ ፊት ጋር አብሮ ይመጣል።

ደብተሬ እየወፈረ ሲሄድ የት የት እንደምንሰናከል ማየት ጀመርኩ። «በ» የምትለዋን ፊደል ውሰዱ። በሰኔ ስንል «ኢን» ነው። በ3 ሰዓት ስንል «አት»። በታክሲ «ባይ»። በቢላ «ዊዝ»። በእግር ደግሞ «ኦን ፉት»። ሰኞ ስንል ጭራሽ «በ» አንጨምርም፣ እንግሊዝኛው ግን «ኦን መንደይ» ይላል። አንዲት ፊደል አምስት ቦታ ተበትናለች! «በ» ማለት «ኢን» ነው ብላችሁ ከያዛችሁ ከአምስቱ አራቱን ሳታችሁ ማለት ነው።

«መሥራት»ም እንደዚሁ። እኛ የቤት ሥራ እንሠራለን፣ ስህተት እንሠራለን፣ ቡና ሳይቀር አፍልተን ሠራሁ እንላለን። እነሱ የቤት ሥራውን «ዱ» ያደርጉታል፣ ስህተቱንና ቡናውን «ሜክ»። ቡና ካነሳን፣ ወፍራም ቡና «ቲክ» አይባልም፣ «ስትሮንግ ኮፊ» ነው። ፎቶ አይነሳም፣ «ቴክ» ይደረጋል። ጉንፋን ደግሞ እኛን ነው የሚይዘን፤ በእነሱ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፣ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። ይህን ለእህቴ ስነግራት «ጉንፋን ምን ይደረግ ተብሎ ይያዛል?» ብላ ሳቀች፤ ግን ከሳቀች በኋላ ረስታው አታውቅም።

አንዱን ግን በጣም ተጠንቀቁ። እኛ ከሰው ጋር ስናወራ «እየተጫወትን ነበር» እንላለን። እኔም አንድ ቀን ለአለቃዬ ከእንግዳው ጋር ለምን እንደቆየሁ ሳስረዳ ፈረንጁ ሥራ አስኪያጅ ባለበት «አይ ዋዝ ፕሌይንግ ዊዝ ዘ ጌስት» አልኩ። «ፕሌይ» የልጆች ጨዋታ ነው፣ ለአዋቂ ሲሆን ደግሞ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። «ዊ ወር ቻቲንግ» ነው የሚባለው።

ስለ አነጋገሮች ትንሽ ልበል። ቀድሞ የሚያምር የሚመስለኝን ነበር የምሸመድደው፤ ዝናብ እንደ ድመትና ውሻ ዘነበ የሚለውን ዓይነት። በሪሴፕሽን ዓመታቴ እሱን ከአንድም እንግዳ አልሰማሁም። በየቀኑ የምሰማው «ኔቨር ማይንድ» ነው፤ ተይው፣ ግድ የለም ማለት ነው። «ሃንግ ኦን ኤ ሰከንድ»፣ አንዴ ቆይ። «አይም ኦል ሴት»፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶልኛል፣ ሌላ አያስፈልገኝም። «ሄልፕ ዮርሰልፍ» ደግሞ ቃል በቃል ራስህን እርዳ ይመስላል፤ ምግብ ፊት ሲባል ግን ብላ፣ አንሳ፣ አትፈር ማለት ነው። ቁርስ ቤት ውስጥ ይህን ተብለው እጃቸውን አጣምረው የቆሙ የሀገሬን ሰዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ሰውን ጦም ሲያሳድር ያሳዝነኛል።

ሁሉም ነገር ግን መልስ የለውም። «አይዞህ»ን በእንግሊዝኛ ስፈልግ ዓመታት አለፉ፤ አንድ ቃል የለውም። ሰው ሲደናቀፍ እኛ «እኔን!» ብለን እንደነግጣለን፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ሶሪ» እንላለን። እንግዳው «አንቺ ምን አደረግሽ?» ብሎ ግራ ይጋባል። «አር ዩ ኦኬ?» በሉት፤ ያሰባችሁለት በደንብ ይገባዋል።

ካልገባችሁ ደግሞ እባካችሁ ፈገግ ብላችሁ «የስ» አትበሉ። የእኔ ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» በሉ። ማንም አይቆጣም። ሁለቴ ጠይቆ ትክክል የሠራን ሰው እንግዳ ያመሰግነዋል፣ አንዴ ሰምቶ የተሳሳተን ይከሰዋል።

እንዲህ እያልኩ ሥራዬን ተደላድዬ ይዤ ሳለ የእህቴ ነገር መጣ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑ ናቸው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እህቴ ከእነሱ ውስጥ አልነበረችም። ስልክ ደውላ ዝም አለችኝ፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። እኔ በ2004 እናቴ ፊት መቆም ያቃተኝ ትዝ አለኝ። ሪሜዲያል፣ ማለትም ውጤት ላልሞላላቸው የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ደረሳትና ሩቅ ተመደበች። እንግሊዝኛውን እኔ እይዝልሻለሁ አልኳት። በየማታው በቴሌግራም 5 ዓረፍተ ነገር ባዶ ቦታ አድርጌ እልክላታለሁ፤ ሞልታ በድምፅ እያነበበች ትመልስልኛለች።

መጀመሪያ የገባኝ የምታነብበት መንገድ እንደጣላት ነው። ባዶ ቦታው ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ ከአራቱ ምርጫ የሚያምራትን ታነሳለች፣ የቀረውን ሳታነብ ታልፋለች። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከባዶ ቦታው በስተቀኝ ነው ያለው። «____ ዘ ሬይን» እና «____ ኢት ሬይንድ» አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ከመጀመሪያው ቀጥሎ ስም ብቻ ስላለ «ዲስፓይት» ይገባል፤ ከሁለተኛው ቀጥሎ ባለቤትና ግሥ ስላለ «አልዞው»። ምርጫዎቹን በእጇ ሸፍና መጀመሪያ እስከ ነጥቡ ድረስ እንድታነብ አደረግኳት። ከዚያ በግራ ምን አለ፣ በቀኝ ምን አለ፣ እዚህ የጎደለው ስም ነው ግሥ ነው ወይስ ትንሽ ቃል ብላ ትጠይቃለች። ምርጫውን የምትከፍተው የራሷን መልስ ካሰበች በኋላ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ዘገየችብኝ፤ ተበሳጨችም። ከዚያ በኋላ ፍጥነቷ በራሱ መጣ።

እሷን ሳስጠና ስለዚህ ጥያቄ አመጣጥ አነበብኩ። በ1953 እ.ኤ.አ. ዊልሰን ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ከጽሑፍ ውስጥ ቃላትን እየቆጠረ አውጥቶ ሰዎች መልሰው እንዲሞሉት የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ፤ «ክሎዝ» ይባላል። ያሰበው ሰዋስው ሊፈትን አልነበረም። ጽሑፉ ለአንባቢ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለመለካት ነበር። የቋንቋ መምህራን የወሰዱት ኋላ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ባዶ ቦታ ከመነሻው የሚሞላው ዙሪያውን በማንበብ ነበር ማለት ነው። ጋሼ ከነቤተሰቡ ያሉት ይኸው ነው።

አማርኛችን ሁልጊዜ ጠላት እንዳይመስላችሁ። እህቴ «ሲንስ» እና «ፎር» ይምታቱባት ነበር። «ከ2012 ጀምሮ» ማለት ከተቻለ «ሲንስ»፣ «ለሦስት ዓመት» ማለት ከተቻለ «ፎር» በይ አልኳት፤ ከዚያ በኋላ አልሳተችም። «ዘ» የሚለውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ልጁ» ስንል መጨረሻው ላይ ያለችው ድምፅ «ዘ» ናት፤ «አንድ ልጅ» ደግሞ «ኤ ቦይ» ነው። ሁሌ አይሠራም፣ ፀሐይን እኛ ባዶዋን ነው የምንጠራት፣ እነሱ «ዘ ሰን» ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያወጣል። «መጥቷል» የሚለውም ለ«ሃዝ ካም» ይቀርባል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጉድጓድ አለ፦ እኛ «ትናንት መጥቷል» እንላለን፣ እንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ካለ «ሃዝ» አይወድም፤ «ሂ ኬም የስተርደይ» ነው። ስለዚህ በባዶ ቦታው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትናንት፣ አምና፣ ከሁለት ቀን በፊት የሚል ነገር ካያችሁና ከፊቱ «ሲንስ» ከሌለ «ሃቭ» እና «ሃዝ» ያለበትን ምርጫ ወዲያው አውጡት።

ለአይኤልትስ ወይም ለዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁም ይኸው ልምምድ ያግዛችኋል። አይኤልትስ ማዳመጥ 40 ጥያቄ አለው፣ ባዶ ቦታ መሙላት በብዛት ይመጣል። ስንት ቃል እንደሚፈቀድ መመሪያውን አንብቡ፤ ሁለት ቃል ከተባለ ሦስት መጻፍ ነጥቡን ያሳጣል፣ የፊደል ስህተትም እንደዚያው። ዱኦሊንጎ ደግሞ የአንዳንድ ቃላትን የኋላ ክፍል ቆርጦ ጨርሱ ይላል። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል መጻፍ ለጆሮና ለምላስ ጥሩ መጀመሪያ ነው እንጂ እዚያው አትቅሩ። እኔ ጋሼን ተከትዬ አንድ ዓመት በፊደላችን ብቻ ስጽፍ ቆይቼ የኢሜይል ሥራ ሲሰጠኝ ስፔሊንግ ተቸገርኩ። ፊደላችን የማይዛቸው ድምፆችም አሉ፤ «ቲንክ» ብለን የምንጽፈው ምላስ ጥርስ መሃል ካልገባ ሌላ ቃል ይሆናል። ከጎኑ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ጨምሩበት።

እህቴ ሪሜዲያሉን አለፈች። እንግሊዝኛ 71 አመጣች። አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት።

ስትሄድ ደብተሬን ሰጥቻት ነበር። ባለፈው ለበዓል ስትመጣ ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁትና ከፈትኩት። የእኔ ጽሕፈት ካለቀበት ቀጥሎ የእሷ ይጀምራል፤ በፊደላችንም በእንግሊዝኛውም ጽፋዋለች። ከዶርም ጓደኞቿ አንዷን ታስጠናለች መሰለኝ፣ ገጹ ላይ የሁለት ሰው እጅ አለ። የመጀመሪያው መስመር «ዌይት ____ ሚ» ይላል። ባዶ ቦታው ላይ በማላውቀው ጽሕፈት «ፎር» ተጽፏል።